የአንድ ጣት ክርክር

ክራንክ ፔዳሉን ከብስክሌቱ የመሃል ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። ርዝመቱ የሚለካው ከመሃል ዘንጉ እምብርት እስከ ፔዳሉ ቀዳዳ እምብርት ሲሆን፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በክንዱ የውስጥ ገጽ፣ ከፔዳሉ ቀዳዳ አጠገብ፣ ልክ ጭቃ የሚጋገርበት ቦታ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በዚህም የተነሳ ብዙ ባለብስክሌት የራሱን ክራንክ ርዝመት ሳያውቅ የጓደኛውን ይተቻል። ለአዋቂ በሚሠሩ የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠሙት በአብዛኛው ከ150 እስከ 175 ሚሊሜትር ናቸው። ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ያለው ልዩነት አንድ ጣት ተኩል ቢሆን ነው። ዋናው ሙግት የሚካሄድበት፣ በ175 እና በ160 መካከል ያለው 15 ሚሊሜትር ደግሞ የአንዲት ጣት ውፍረት ታህላለች። በዚህች ጣት የተነሳ ሳይጠጣ የሚቀዘቅዘው ቡና ግን ብዙ ነው።

ሙግቱ ከብስክሌት እኩል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ይሸጡ የነበሩት የሚሾ ቬሎሲፔዶች ካቴና አልነበራቸውም፤ ፔዳሉ በቀጥታ የፊት ጎማውን ያዞር ነበር። ክራንኩ በቁመቱ ስንጥቅ ስለነበረው ጋላቢው ፔዳሉን በስንጥቁ ውስጥ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ አንሸራቶ ለእግሩ የሚመቸው ርዝመት ላይ ያስረው ነበር። የዛሬው ባለብስክሌት ለዚሁ ጉዳይ አዲስ ክራንክ ያዛል፣ መንቀያ ይዋሳል፣ ሦስት ሰው ያማክራል፣ አራተኛው ሳይጠየቅ ሲመክረው ይናደዳል። ካቴናና ማርሽ ከመጡ ወዲህ የክራንክ ርዝመት እየረጋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የታማልፓይስ ተራራ ቁልቁለት ላይ አሮጌ ብስክሌት በሚያንደረድሩ ወጣቶች የተጀመረው የተራራ ብስክሌት ካደገና ፋብሪካ ከገባ በኋላም 175 ሚሊሜትር ለዓመታት እንደ ደንብ ሆኖ ቆየ፤ ለአጠር ያለ ሰው 170 ይገጠም ነበር። ምክንያቱን ማንም ይረዳዋል፤ ረጅም ክንድ ረጅም ማንሻ ነው። ማርሹ ጥቂት፣ ዳገቱ ብዙ በነበረበት ዘመን ማንሻ የሚናቅ ነገር አልነበረም።

ሞተሩ መጣና ይህን ሒሳብ ገለበጠው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ብስክሌት የሚቆጠር ባለሞተር፣ የማያቋርጥ ኃይሉ ከ250 ዋት፣ እገዛ የሚሰጥበት ፍጥነትም በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። 250 ዋት የሚለው ቁጥር ግን በጣም ትሑት ነው፤ ሞተሮቹ ለአጭር ጊዜ ከዚያ እጥፍ በላይ ያወጣሉ። የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 የማዞር ኃይሉ 85 ኒውተን ሜትር፣ እገዛው ደግሞ እስከ 340 በመቶ እንዲደርስ ተደርጓል። ጋላቢው 100 ዋት ሲያዋጣ ሞተሩ እስከ 340 ዋት ይጨምርለታል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የሺማኖ ኢፒ8 ሞተርም በማዞር ኃይል እኩል ነበር፤ 85። በእንዲህ ያለ ሽርክና ውስጥ ትንሹ ባለአክሲዮን ስለ ማንሻ ርዝመት ሲሟገት ትልቁ ባለአክሲዮን ዝም ብሎ ያዳምጠዋል።

ትልቁ ለውጥ የታየው ግን በጋላቢው ጠባይ ላይ ነው። ሞተር የሌለው ሰው ድንጋይ የተደረደረበት ቀጥ ያለ ዳገት ሲደርስ ይወርድና ይገፋል። መግፋቱም የራሱ ወግ ነበረው፤ ውኃ ይጠጣበታል፣ አገር ይታይበታል፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ተራራውን እያደነቀ ነው ይባልለታል። ባለሞተሩ አይወርድም። ላወጣው ገንዘብ ሲል አይወርድም። በሰሜን ጣሊያን በጋርዳ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን፣ የኖራ ድንጋይ የተበተነባቸውን መንገዶች የመሰለ ቦታ ላይ ድሮ ቁልቁል ብቻ ይጋለብ የነበረውን ሽቅብ መሞከር የዕለት ጨዋታ ሆኗል። ኢንዱሮ ወርልድ ሲሪስ የተባለው የተራራ ብስክሌት ውድድር አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በጀመረው ውድድር ውስጥ «ፓወር ስቴጅ» የተባለ፣ ሽቅብ እየተወጣ ሰዓት የሚያዝበት ክፍል አስገብቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳ ሞን ሳንት አን በተካሄደው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና የወንዶቹን ድል ደቡብ አፍሪካዊው አለን ሃተርሊ፣ የሴቶቹን ስዊዘርላንዳዊቷ ናታሊ ሽናይተር ወስደዋል። ሃተርሊ እ.ኤ.አ. በ2024 ያለ ሞተር በሚካሄደው የአገር አቋራጭ ውድድርም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሞተር የሰነፍ ነው ለሚሉት ይህ ደስ የሚል ዜና አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ጣቷ ዋጋ የምታገኘው። ሞተሩ የሚያግዘው ፔዳሉ ሲዞር ነው። በድንጋይ መሃል መርገጥ ማቆም ሞተሩንም ማቆም ነው፤ ሞተሩ በቆመበት ዳገት ላይ ደግሞ 23 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ወደ ጎን ለመተኛት ማንንም አያስፈቅድም። ስለዚህ ይረገጣል። ሲረገጥ ፔዳሉ ታች ይደርሳል፤ ታች ድንጋይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ «ቋ!» ይላል። ቀለል ካለ እግር ከፔዳሉ ላይ ይነሳል፤ ከከበደ ብስክሌቱ ባለበት ይተከልና ጋላቢው ጉዞውን ብቻውን ይቀጥላል። የፔዳሉ ዘንግ ሊጣመም፣ የክራንኩ ጫፍ ሊላጥ፣ ምቱም በክንዱ አልፎ የሞተሩን ዘንግና ኩሽኔታ ሊያገኝ ይችላል። የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል፤ ክራንክ ይገዛል፣ ሞተር በዋስትና ይለመናል።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ብስክሌት ሱቅ ውስጥ የሚወራው ሁሉ በቁጥር ሲታይ ያጥራልና። የመሃል ዘንጉ ከመሬት 345 ሚሊሜትር ከፍ ያለ፣ የኋላ ጎማው 150 ሚሊሜትር የሚነሳና የሚወድቅ ብስክሌት ይወሰድ። ጋላቢው ሲቀመጥበት የፊትና የኋላ አሞርቲዘሮቹ ከጠቅላላ ጉዟቸው ከሩብ እስከ ሲሶ ይሰምጣሉ፤ የመሃል ዘንጉም 40 ሚሊሜትር ያህል ወርዶ 305 ላይ ይቆማል። ከዚህ ላይ 175 ለክራንኩ፣ 8 ደግሞ ለፔዳሉ ግማሽ ውፍረት ሲቀነስ ከፔዳሉ በታች 122 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል። ክራንኩ 160 ቢሆን 137 ይቀር ነበር። ጭማሪው 12 በመቶ ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርሱ «ይኼ ሁሉ ጭቅጭቅ ለዚህ ነው?» ብለው የሚነሱ አሉ፤ ትንሽ ቢታገሡ ይሻላቸዋል። ብስክሌቱ በድንጋይ መሃል ሲሄድ ረግቶ አይቆምም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ከድንጋይ ደረጃ ላይ ዘጭ ሲል አሞርቲዘሩ ጨምሮ ይሰምጣል። ሌላ 60 ሚሊሜትር ቢሰምጥ ለረጅሙ ክራንክ የሚቀረው 62 ነው፤ ለአጭሩ 77፤ ጭማሪው ወደ 24 በመቶ ወጣ። ሌላ 40 ቢታከልበት 22 እና 37 ይሆናሉ፤ አጭሩ ከረጅሙ በሁለት ሦስተኛ ያህል የሚበልጥ ቦታ አለው። ጣቷ የምትወፍረው መንገዱ በከፋ ቁጥር ነው።

ድንጋይ ግን በሚሊሜትር ተለክቶ አልተበተነም። አጭር ክራንክ የሚያድነው የፔዳሉን ጫፍ ልሶ ከሚያልፈው ድንጋይ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርሰው ድንጋይ 175ንም 150ንም እኩል ያስተናግዳል። በሥራ ሥር ላይም እንዲሁ ነው፤ ዝናብ በበዛበት ጫካ ውስጥ መንገድ የሚያቋርጠውን ሥር አጭሩ ክራንክ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል፣ ተጋግዞ እንደ ደረጃ የቆመውን ግን ማንም ቢሆን ፔዳሉን አስተካክሎ ነው የሚሻገረው።

ፋብሪካውም የራሱ ተንኮል አለው። የመሃል ዘንጉ ዝቅ ያለ ብስክሌት በመታጠፊያ ላይ የተረጋጋ ነው፤ ጋላቢው ከጎማዎቹ በላይ ሳይሆን በመካከላቸው እንደቆመ ይሰማዋል። ክራንክ ማጠሩ ለንድፍ አውጪው ዘንጉን ዝቅ ለማድረግ ነፃነት ይሰጠዋል። በአንድ እጁ 10 ሚሊሜትር ሰጥቶ በሌላው 10 ሚሊሜትር ሲወስድ ገዢው ካታሎጉ ላይ «አጭር ክራንክ» የሚለውን አንብቦ ይደሰታል፤ ድንጋዩ ደግሞ በድሮው ቦታ ፔዳሉን ያገኘዋል። የኋላ ጎማውን በራሱ ሥልጣን ከ29 ወደ 27.5 ኢንች የለወጠ ሰውም ዘንጉን አብሮ አውርዷል። ስለዚህ የክራንክ ርዝመት ብቻውን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ከመሃል ዘንጉ ከፍታ ጋር፣ አሞርቲዘሩ ምን ያህል እንደሚሰምጥም ታይቶ መነበብ አለበት።

የማንሻው ወገን በዚህ ሁሉ ዝም አላለም። ክራንክ የሚያሳጥር ሰው ለእነሱ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የተባለላት በቅሎ ነው፤ ከራሱ ኃይል ላይ ቆረጠ። በሒሳቡ ውሸት የለባቸውም። ከ175 ወደ 160 የወረደ ሰው ማንሻው 8.6 በመቶ ያጥራል፤ የቀድሞውን የማዞር ኃይል ለማግኘት 9.4 በመቶ ጠንክሮ መርገጥ አለበት። ማርሽ የሚባል ነገር ባይፈጠር ኖሮ ሙግቱ እዚህ ላይ በእነሱ አሸናፊነት ያልቅ ነበር። ከ10 እስከ 51 ጥርስ ባለው የሺማኖ ባለ12 የኋላ ማርሽ ላይ ከ45 ወደ 51 አንዴ መለወጥ ዳገቱን 13 በመቶ ያህል ያቀላል። አውራ ጣት አንዴ ጫን ስትል የበቅሎዋ ገመድ ተመልሶ ይረዝማል፤ እንዲያውም ትርፍ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ያረፈው ዝነኛው አሜሪካዊ የብስክሌት መካኒክ ሼልደን ብራውን ክራንኩን፣ ማርሹንና ጎማውን በአንድ ስሌት ውስጥ ያስገባ «ጌይን ሬሾ» የተባለ ቀመር አቅርቦ ነበር፤ ፔዳሉ አንድ ሜትር ሲጓዝ ብስክሌቱ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ያሳያል። ቀመሩ ግልጽ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ከቀመር ይልቅ የጭኑን ምስክርነት ያምናል።

ለማንሻው ወገን ያለ ክርክር መተው የሚገባው አንድ ሰዓት አለ፤ ባትሪው ያለቀበት ሰዓት። 51 ጥርሱ ላይ የደረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚለውጠው ማርሽ የለውም፤ ብስክሌቱ 23 ኪሎ ነው፤ ቤቱ ከተራራው ማዶ ነው። በዚያች ሰዓት 175 ቢኖረው በእርግጥ ይረዳዋል። ግን ለዚያች ሰዓት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ከድንጋይ ጋር መጋጨት ወይስ ባትሪውን እያዩ መጋለብ የሚለውን መመዘን የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ኃይልን በተመለከተ ቤተ ሙከራም ገብቶበታል። ጄምስ ማርቲንና ዋኒን ስፒርዱሶ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ብስክሌተኞች በ120፣ በ145፣ በ170፣ በ195 እና በ220 ሚሊሜትር ክራንክ ባላቸው አቅም ሁሉ እንዲረግጡ ተደርጓል። ከፍተኛው አማካይ ኃይል 1194 ዋት ሲሆን የተገኘው በ145 ነው፤ ዝቅተኛው 1149 ዋት በ220። ከ120 እስከ 220 ባለው አሥር ሴንቲ ሜትር ውስጥ የታየው ትልቁ የኃይል ልዩነት 4 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። በ220ው ላይ የሰዎቹ ጉልበት አገጫቸውን ሊነካ ምን ያህል እንደቀረው ማሰብ ይቻላል፤ እንዲያም ሆኖ የጎደለው ያን ያህል ነው። ሱቅ ውስጥ ስለ 5 ሚሊሜትር የሚሟገቱት ሰዎች ይህን ጥናት ቢያዩት ቡናቸውን በትኩሱ ይጠጡት ነበር። ጥናቱ የተሠራው ግን በቆመ ብስክሌት ላይ፣ ለጥቂት ሰከንድ በሚቆይ ሩጫ ነው፤ ሰዓታት ስለሚፈጅ ዳገት ወይም ስለ ድንጋይ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት በሴት የአገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ላይ 170፣ 172.5 እና 175ን አወዳድሮ፣ በ170 ወደ ከፍተኛው ኃይል ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ እንደሚያጥር አሳይቷል። በድንጋይ መሃል ቆም ብሎ እንደገና ለሚነሳ ሰው ይህ ከከፍተኛው ኃይል መጠን ይልቅ ይጠቅመዋል።

ታዋቂ ሰው ተከትሎ መምረጥም አለ። የብስክሌት ተወዳዳሪው ታዴይ ፖጋቻር እ.ኤ.አ. በ2024 በ165 ሚሊሜትር ክራንክ የጣሊያንንና የፈረንሳይን ዙር በአንድ ዓመት አሸነፈ፤ ወዲያው 165 ፋሽን ሆነ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ፖጋቻር የሚጋልበው በአስፋልት ላይ ነው፤ አጭር ክራንክ ለአስፋልት ጋላቢ የሚሰጠው ጥቅም ጎንበስ ሲል ጭኑ ሆዱን እንዳይገፋው፣ ነፋስም እንዳይበዛበት ማድረግ ነው። ከድንጋይ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ቁጥሩ ገጠመ እንጂ ምክንያቱ ለየቅል ነው።

አጭር ክራንክ ከክፍት ቦታ ቀጥሎ የሚሰጠው የእግር ቅልጥፍና ነው። በ175 እግር በአንድ ዙር 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ይሠራል፤ በ160 ደግሞ 100 ሴንቲ ሜትር ተኩል። በደቂቃ 80 ዙር በረጅሙ ይረግጥ የነበረ ሰው እግሩን ሳያፈጥን በአጭሩ 87 ዙር ይደርሳል። የመሃል ሞተሮች ደግሞ በዝግታ ከሚጫናቸው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚያዞራቸውን ይወዳሉ፤ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ውስጥ ድምፃቸውም እገዛቸውም ይስተካከላል። በዝግታና በኃይል መርገጥ የለመደ ሰው አጭር ክራንክ ሲገጥም አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ሞተሩ የደከመ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው ዳሳሽ የሚለካው የማዞር ኃይልን ነው፤ በእኩል ግፊት አጭር ክንድ ያነሰ የማዞር ኃይል ይሰጣል፤ በተመጣጣኝ በሚያግዝበት ደረጃ ላይ ያለ ሞተርም ያነሰ ይመልሳል። መድኃኒቱ ማርሽ ቀንሶ ፈጠን ማለት ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ብስክሌቱን ወደ ሱቅ ይመልሳል፤ ሱቁ ኮምፒውተር ሰክቶ ምንም ብልሽት የለም ይለዋል፤ ሰውየው ሱቁን ይጠረጥራል።

በጠባብ ድንጋይ መሃል ሙሉ ዙር ማዞር በማይቻልበት ቦታ ልምድ ያላቸው ጋላቢዎች ፔዳሉን ሩብ ዙር ያህል ወደፊት ይጫኑና መልሰው ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ደግመው ይጫናሉ። ፔዳሉ ታች ሳይደርስ ብስክሌቱ ይራመዳል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የተራራ ጉዞ ደረጃ እገዛውን እንደ ረገጣው ያስተካክል ነበር፤ ኋላ ላይ ደግሞ እግር ከቆመ በኋላ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ወደፊት መግፋቱን እንዲቀጥል የሚያደርግ አሠራር ተጨምሮበታል። የጋላቢው ብልሃትና የሞተሩ አሠራር ሲቀናጁ ድንጋዩን ለመሻገር አንድ ግማሽ ረገጣ ይበቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ የአጭር ክራንክ ትንሽ ክብ ትልቅ ሀብት ነው፤ እግር ከቦታው ብዙ ስለማይርቅ የሰውነት ሚዛን አይናጋም።

አሁን ወደ ኮርቻው። ብዙ ሰው ክራንኩን ያሳጥርና ኮርቻውን ባለበት ይተወዋል፤ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ክራንክ 15 ሚሊሜትር ሲያጥር ፔዳሉ ከታች የሚደርስበት ቦታ 15 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ኮርቻውም 15 ሚሊሜትር መነሳት አለበት። ፔዳሉ ከላይ የሚደርስበት ቦታ ደግሞ 15 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል። ሁለቱ ሲደመሩ ጭን ከፔዳሉ ዙር አናት ላይ 30 ሚሊሜትር ተጨማሪ ቦታ ያገኛል። ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ገዢ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያለው፣ ገንዘብ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ ቦርጭ ያለው ስለሆነ፣ በዳገት ላይ ወደ መሪው ጎንበስ ሲል ጭኑና ቦርጩ የሚገናኙበት ጉዳይ አለ። ካታሎጎች ይህን ጥቅም አይጽፉም፤ 30 ሚሊሜትር ግን ለቦርጭ ምሕረት ነው። ጉዳቱ በአዝራር ከፍና ዝቅ በሚለው የኮርቻ ምሰሶ ላይ ይታያል። ምሰሶው በ15 ሚሊሜትር ስለተነሳ ኮርቻው ለቁልቁለት ዝቅ ሲልም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ አጭር እግር ላለው ሰው ይህ በጣም ይሰማዋል።

ቁልቁለት ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ሁለቱ ፔዳሎች አግድም ሲስተካከሉ በ175 በእግሮቹ መካከል 35 ሴንቲ ሜትር ይኖራል፣ በ160 ግን 32። የሰፋ አቋም ፊት ለፊት በሚመጣ ምት ላይ ይረዳል፤ የጠበበው ደግሞ ዳሌን ቀና ያደርጋል፣ ሰውነትንም ወደ ግራና ቀኝ ለማዘንበል ያቀላል። አንዳንድ ቁልቁለት ወዳዶች በዚህ ምክንያት ብቻ 170ን አይለቁም፤ አባባላቸው ያስኬዳል። ዳገቱን በኬብል መኪና የሚወጣ ሰው ስለ ክራንክ የሚያሳስበው ነገር ጥቂት ነው።

እንግዲህ ምርጫው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ተመራማሪ ማርቲን ከእግር ርዝመት 20 በመቶ የሚሆነው ክራንክ ለከፍተኛ ኃይል ተስማሚ ነው የሚል ግምት አቅርቧል፤ እግሩ 85 ሴንቲ ሜትር ለሆነ 170፣ 78 ለሆነ 156 ይመጣል። ነገር ግን ውጤቱ በሰፊ ርዝመት ውስጥ ብዙም ስለማይለያይ ቀመሩ አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ድንጋይ ለበዛበት መንገድና ለመካከለኛ ቁመት 160 ከሁሉም የሚያዋጣ ይመስላል፤ ክፍት ቦታ ይሰጣል፣ በገበያም በቀላሉ ይገኛል። መንገዱ ድብልቅ ለሆነበት ወይም አንድ ብስክሌት ለሁሉ ለሚያውል ሰው 165 ነገር አያመጣም። ቁመቱ ከ165 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ፣ ወይም የመሃል ዘንጉ በጣም ዝቅ ያለ ብስክሌት ለገጠመው 155 ተገቢ ነው። 150 ለአንዳንዱ ተስማምቷል፤ ነገር ግን ከ160 ወደ 150 መውረድ ከ175 ወደ 160 እንደመውረድ አይሰማም፤ ትርፉ እየቀነሰ፣ የቁልቁለት አቋም እየጠበበ ይሄዳል። ከ190 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሰው ለስላሳ መንገድ ላይ በ170 ደስ ብሎት ሊኖር ይችላል። በድንጋይ መሃል 175 ይዞ የሚከራከር ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ክራንኩን የሚወደው ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ስለመጣለት ነው፤ ይህም የሚከበር ስሜት ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት በነፃ ወይም በርካሽ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። አሞርቲዘሩ ከሚገባው በላይ እየሰመጠ ከሆነ አየር መጨመር ብቻ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ይመልሳል። አንዳንድ ብስክሌቶች የመሃል ዘንጉን ጥቂት ሚሊሜትር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የሚገለበጥ ማያያዣ አላቸው፤ ባለቤቶቻቸው ግን መኖሩን ሳያውቁ ብስክሌቱን ለሌላ ያስተላልፋሉ። ቀጭን ፔዳልም ጥቂት ሚሊሜትር ያተርፋል። ከሁሉም የሚበልጠው የረገጣ ጊዜን ማወቅ ነው፤ ድንጋዩ በቀኝ ከመጣ ቀኝ ፔዳል ታች እንዳይሆን ሁለት ዙር ቀድሞ ማሰብ። ይህ ነፃ ቢሆንም ብዙ ልምምድ ስለሚጠይቅ ሰው ክራንክ መግዛቱን ይመርጣል።

የወሰነ ሰው መጀመሪያ የሞተሩን ዓይነት ማወቅ አለበት። የቦሽ ሲኤክስ ሞተር ዘንግ አይሲስ የሚባለውን ጥርስ ይቀበላል፤ ሺማኖ የራሱን ይጠቀማል፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። የክራንኩ ክንድ ወደ ውጭ የሚወጣበት ስፋትም ከሞተሩ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ክንዱ የፍሬሙን የኋላ ቱቦ ይፍቃል ወይም እግርን ያለ ምክንያት ያራርቃል። በቦሽ አዳዲስ ሞተሮች ላይ የፊት ማርሹ የሚታሰረው ከክራንኩ ጋር ሳይሆን ከሞተሩ ጋር ስለሆነ ክራንክ ሲለወጥ ካቴናውን መንካት አያስፈልግም። ሁለቱ ክንዶች አብረው ይለወጣሉ፤ ቀኝ 160፣ ግራ 175 አድርጎ ገጥሞ ዳሌውን ሐኪም ያሳየ ሰው ቢኖር አይገርምም። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተገልብጦ የተቆረጠ በመሆኑ የሚፈታው ሌላ ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። የክራንኩ ብሎን የሚጠብቅበት መጠን በሠሪው መመሪያ ላይ በኒውተን ሜትር ተጽፏል፤ በእጅ ግምት ማጥበቅ ወይ ጥርሱን ይበላል ወይ ክንዱን በመንገድ ላይ ያስጥላል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹ በመለኪያ መፍቻ በድጋሚ ይታያሉ፤ የወጣው አሮጌ ክራንክ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ብስክሌቱ ለዋስትና ጥገና የሚመለስበት ቀን ሲመጣ ፋብሪካው የገጠመውን ክንድ መልሶ ማየት የሚፈልግበት አጋጣሚ አለና።